ወንበሩና ቀበሌው፤ በምዕራብ ሸዋ ስለተካሄደ አንድ የዳግም ምርጫ ዘመቻ

የምርጫ ዘመን በደረሰ ቁጥር የሕዝብ ጆሮ የሚያዘነብለው ወደ ተወዳዳሪዎቹ ንግግር ነው። ማን በክርክር ማንን ረታ፣ በየትኛው ከተማ ስንት ሰው ለስብሰባ ወጣ፣ የትኛው ድርጅት ምን መፈክር አነገበ የሚለው ወሬ በየሻይ ቤቱና በየፋብሪካው በር ይናኛል። ይህ የምርጫው ቅርጽ ነው። ይዘቱ ግን ከዚህ ሁሉ ድምፅ በታች በዝምታ የሚካሄድ ሌላ ሥራ ነው። የነዋሪውን መዝገብ የሚይዘው ማን ነው? የቀበሌውን አዳራሽ ቁልፍ በኪሱ የያዘው ማን ነው? ለማዳበሪያ፣ ለብድርና ለድጋፍ ደብዳቤ የሚሰለፈው ሰው በማን በር ላይ ይቆማል? የምርጫን ውጤት ለመረዳት የፈለገ ሰው ከእነዚህ ጥያቄዎች መነሳት አለበት እንላለን።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ ወንበር የያዘ እንደራሴ ወንበሩን ለማስጠበቅ እንደገና ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ የሚገጥመውን ሁኔታ ነው። ለምርመራችን የመረጥነው ጉዳይ ከቤታችን የራቀ አይደለም። ዶክተር መረራ ጉዲና በግንቦት 1997 ዓ.ም. በምዕራብ ሸዋ ከአምቦ አካባቢ ተመርጠው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ገቡ። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ወንበራቸውን ይዘው እንደገና ተወዳደሩ፤ ተሸነፉም። በሁለቱ ግንቦቶች መካከል የሰውየው አንደበት አልተለወጠም፤ የሕዝቡም ኑሮ ከሥር መሠረቱ አልተለወጠም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱን ፈልገን ማግኘት ይኖርብናል።

አስቀድመን አንድ ነገር እናጥራ። በሰሜን አሜሪካ አንድ ሴናተር የሥልጣን ዘመኑ ሲያበቃ ወደ ላከው ስቴት ተመልሶ የሕዝብ ድምፅ እንደሚለምን አንባቢ ያውቃል። ይህ ልማድ ግን እዚያም ቢሆን ብዙ ዕድሜ የለውም፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1913 ድረስ ሴናተሮቹን ይመርጡ የነበሩት የስቴቶቹ ምክር ቤቶች እንጂ ሕዝቡ በቀጥታ አልነበረም። በአገራችን በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የተቋቋመው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላቱን ያገኝ የነበረው ከንጉሠ ነገሥቱ ሹመት ነው። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያውን አባላት በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ አድርጎ በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው ምርጫ ሲካሄድ እንኳ፣ የላይኛው ምክር ቤት እንደ ቀድሞው በሹመት ቀረ። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሴናተር የዳግም ምርጫ ዘመቻውን የሚያካሂደው በአምቦ ገበያ ሳይሆን በቤተ መንግሥት ደጅ ጥናት ነበር። የታችኛው ምክር ቤት እንደራሴም ቢሆን ለመወዳደር በምርጫ ክልሉ ንብረት ያለው ሰው መሆን ነበረበት፤ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በሰው መሬት ላይ የሚያርሰው ጭሰኛ ድምፁን ይሰጥ እንደሆነ እንጂ ራሱን ለእንደራሴነት ሊያቀርብ የሚችልበት በር ዝግ ነበር። በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ሲደረግ ንብረት መጠየቁ ቀርቷል፤ ዕጩዎቹ ግን ከአንዱ ፓርቲና በሥሩ ካሉት የብዙኃን ድርጅቶች ጥቆማ ውጭ ሊመጡ አይችሉም ነበር። ዛሬም የላይኛው ቤት፣ ማለትም የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ አባላቱን የሚያገኘው ከክልል ምክር ቤቶች ነው፤ ከኦሮሚያ ሲሆን ከጨፌው። እንግዲህ በኢትዮጵያ ምድር ወንበሩን ይዞ ወደ ሕዝብ ተመልሶ የሚፈተን ሰው ካለ እርሱ የታችኛው ቤት እንደራሴ ነው፤ ከተቃዋሚ ወገን ሆኖ በዚህ ፈተና ያለፈ ደግሞ ጥቂት ነው።

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚወጣው መንገድ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ግንጪን አልፎ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አምቦ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ጉደር፣ ወደ ጌዶና ወደ ባኮ ይቀጥላል። አገሩ የጤፍና የስንዴ አገር ነው። የማዕድን ውሃ ፋብሪካው፣ ትምህርት ቤቶቹና በኋላም ዩኒቨርሲቲው ለአምቦ የሠራተኛና የተማሪ ከተማነት መልክ ሰጥተዋታል። ዙሪያዋ ግን ገበሬ ነው፤ በምርጫ ክልሉ የድምፁ ብዛት ያለው ከአስፋልቱ ወዲያ ነው። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከተሜው ስለ ምርጫ ሲያወራ ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ራሱ መንገድ ብቻ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ዶክተር መረራ የሚመሩት የኦሮሞ ብሔራዊ ኮንግረስ በኅብረቱ ጥላ ሥር ተወዳደረ። ኅብረቱ በመላ አገሪቱ 52 መቀመጫ ሲያገኝ ትልቁን ድርሻ ያስገኘው ይኸው ኮንግረስ ነበር። ከኦሮሚያ 178 መቀመጫዎች ኦሕዴድ 110 ያህሉን ይዞ ቀሪውን ለቀቀ። ይህ ውጤት የተገኘው መንገዱ ስለተመቸ አልነበረም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በዚያው ግንቦት ባወጣው ዘገባ፣ በኦሮሚያ ገጠር ከቀበሌ በታች ጎጥና ጋሬ የሚባሉ መዋቅሮች ተዘርግተው ገበሬው የሚናገረውንና የሚሄድበትን ለመከታተል እንደሚያገለግሉ ገልጾ ነበር። መንግሥት ክሱን አልተቀበለም፤ የልማት ሥራ ማስተባበሪያ ናቸው አለ። መዋቅሩ ግን ገና ለጋ ነበር፤ ሕዝቡም ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ግልጽ ክርክር ሰምቶ ነበር። ድንገተኛ ማዕበል ያልጠነከረ ግድብ ሲገጥመው ጥሶ ያልፋል። የገዢው ፓርቲ መሪዎች ከዚህ የተማሩት ትምህርት ግድቡን ከፍ አድርጎ መገንባት ነበር፤ በኋላ የሆነውን ሁሉ የሚያስረዳው ይህ ነው ብለን እናምናለን።

የቅንጅት መሪዎች ምክር ቤት አንገባም ብለው ወኅኒ ሲወርዱ፣ የኅብረቱ እንደራሴዎች ዶክተር መረራን ጨምሮ ገቡ። መግባታቸው ትክክል ነበር ወይስ ስህተት የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም፤ እኛ እዚህ አንዳኘውም። የምንጠይቀው ገብተው ምን አገኙ ብለን ነው። የቀድሞው ምክር ቤት ከመበተኑ በፊት የአሠራር ደንቡን ለውጦ አጀንዳ ለማስያዝ የሚጠየቀውን ድጋፍ ከፍ አድርጎት ነበር። አናሳው ወገን አንድ ጉዳይ እንኳ በራሱ ፈቃድ ለውይይት ማቅረብ አልቻለም። የቀረለት በተመደበለት ደቂቃ መናገር ነው። ዶክተር መረራ ደግሞ መናገር ያውቃሉ፤ የፖለቲካ ሳይንስ መምህር ናቸው፤ ቀልድና ተረት ከክርክር ጋር ማዋሐዱን የሚችል ሰው በዚያ ምክር ቤት ብዙ አልነበረም። ሕዝቡ በቴሌቪዥን ሲያያቸው ይስቅ ነበር፤ ደስም ይለው ነበር።

ነገር ግን ሳቅ ድልድይ አይሠራም። በውጭ አገር ስለ ምርጫ ያስተማሩን ሰዎች አንድ ነገር ይደጋግሙልን ነበር፤ ወንበር የያዘ ሰው ከተፎካካሪው የሚበልጠው ለሕዝቡ ያደረገውን በእጁ ማሳየት በመቻሉ ነው ይሉን ነበር። መንገድ አስወጣሁ፣ ጤና ጣቢያ አስከፈትሁ ይላል። የኢትዮጵያ እንደራሴ ግን በእጁ በጀት የለውም። የወረዳው ገንዘብ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ በድጎማ ይወርዳል፤ የሚያዝበት የወረዳው ምክር ቤትና አስተዳደር ነው። የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያውና የግብርና ልማት ሠራተኛው ደመወዝ በዚያው መንገድ ይከፈላል። ስለዚህ ተቃዋሚው እንደራሴ ወንበር ያለው፣ መሣሪያ የሌለው ሰው ነው። በምርጫ ክልሉ አንድ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር ሪባኑን የሚቆርጠው የተሸነፈው ፓርቲ ሹም ነው። በምርጫ የተሸነፈ በአስተዳደር አሸንፎ፣ በምርጫ ያሸነፈ በአስተዳደር ተሸንፎ አምስት ዓመት ይቀመጣሉ። የነገሩ ዋነኛ ቅራኔ ይህ ነበር።

በዚህ ላይ ስሙን አጣ። የኦሮሞ ብሔራዊ ኮንግረስ ከምርጫው በኋላ ለሁለት ሲከፈል የምርጫ ቦርድ የፓርቲውን ስም ለተቃራኒው ወገን ወሰነ። ዶክተር መረራና ጓዶቻቸው የኦሮሞ ሕዝብ ኮንግረስ የሚል አዲስ ስም ይዘው ለመነሳት ተገደዱ። ፊደል የማያነብ ገበሬ በምልክትና በስም ለይቶ በሚመርጥበት አገር፣ ለዓመታት የተዋወቁበትን ስም አጥቶ እንደገና መጀመር ምን ማለት እንደሆነ በገበያ ቀን ቅስቀሳ የሠራ ሰው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። ሚያዝያ 5 እና 12 ቀን 2000 ዓ.ም. የቀበሌ፣ የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ ተካሄደ። በመላ አገሪቱ የቀረበው መቀመጫ ከ3 ሚሊዮን ተኩል በላይ ነበር። ቁጥሩ ይህን ያህል የበዛው የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ብዛት ከ15 እስከ 300 ከፍ እንዲል ስለተወሰነ ነው። አንባቢ ይህችን ቁጥር ቆም ብሎ ይመልከታት። በአንድ ቀበሌ 300 ዕጩ ለማቅረብ የሚችል ድርጅት ምን ዓይነት ድርጅት ነው? በየጎጡ አባል ያለው፣ አባሉን የሚያሰባስብ ቢሮና ገንዘብ ያለው፣ አባል መሆን ጥቅም እንጂ አደጋ የማያስከትልበት ድርጅት ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት በአገሪቱ አንድ ብቻ ነበር። ኅብረቱ ዕጩዎቼ እንዳይመዘገቡ ታገዱ፣ ተዋከቡ ብሎ ምርጫው ሲደርስ ራሱን አገለለ፤ የአቶ ቡልቻ ደመቅሳ የኦሮሞ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄም እንዲሁ። ከጥቂት መቀመጫ በቀር ሁሉም ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ ሆነ።

ብዙ የአዲስ አበባ ተንታኞች ያንን ምርጫ እንደ ትንሽ ነገር አልፈውት ነበር። ስለ ጠቅላይ ሚኒስትር ወንበር እንጂ ስለ ቀበሌ ሊቀመንበር መጻፍ ክብር አይመስላቸውም። እኛ ግን የምዕራብ ሸዋው እንደራሴ የተሸነፉት ግንቦት 15 ቀን 2002 ሳይሆን በዚያ ሚያዝያ ነው ብለን እንደመድማለን።

ምክንያቱን የቀበሌ ማኅበር አባል ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። በሐምሌ 1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የከተማ ነዋሪዎችን ማኅበራት ሲያቋቁም፣ በዚያው ዓመት የካቲት የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም የገበሬ ማኅበራትን ሲፈጥር፣ የታሰበላቸው ተግባር ኪራይ መሰብሰብ፣ መሬት ማከፋፈልና በጥቃቅን ጉዳይ መዳኘት ነበር። ብዙ ሳይቆይ ግን ቀበሌው የጥበቃ ጓድ፣ የራሽን ካርድና የመውጫ ፈቃድ ቤት ሆነ፤ በዚያ አዳራሽ የተሠራውን ግፍ የሚያስታውሱ እናቶች ዛሬም አሉ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ አዲሱ ባለሥልጣን ብዙ ነገር አፍርሷል፤ ይህን መሣሪያ ግን አላፈረሰም። ለምን ያፈርሰዋል? መሬት የመንግሥት በሆነበት አገር የገበሬውን ይዞታ የሚመሰክረው ቀበሌ ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚደርሰው በቀበሌና በኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል ነው፤ ለአነስተኛ ብድር ዋስትና የሚሰጠው፣ ለሥራ ፈላጊው ወጣት የነዋሪነት ደብዳቤ የሚጽፈው፣ በችግር ጊዜ የእህል ዕርዳታ ዝርዝር የሚያወጣው እርሱ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ፓርቲ አባላት እጅ ሲገባ፣ ማንም ማንንም ሳያስፈራራ እንኳ ፍርሃት በራሱ ጊዜ ይመጣል። ገበሬው የሚያሰላው ስሌት ቀላል ነው፤ ዶክተሩን ብመርጥ አዲስ አበባ ሄደው ስለ እኔ ይናገራሉ፤ የሰኔውን ማዳበሪያ ግን የሚሰጠኝ ሊቀመንበሩ ነው።

በነዚያው ዓመታት የኢሕአዴግ አባላት ቁጥር ከ1 ሚሊዮን በታች ተነስቶ ወደ 5 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። መምህሩ ለትምህርት ዕድል፣ የመንግሥት ሠራተኛው ለዕድገት፣ ወጣቱ ለመነሻ ብድር ገባ፤ ከእነርሱ ስንቱ በእምነት እንደገባ የሚያውቀው ኅሊናው ነው። የምርጫው ጊዜ ሲደርስ አንድ ለአምስት የሚባለው አሠራር ተግባራዊ ሆነ። እያንዳንዱ አባል አምስት ሰው ይዞ ያስመዘግባል፤ በምርጫው ቀንም አምስቱን ይዞ ይወጣል። ይህ አሠራር በቅስቀሳ ደረጃ ብቻ ቢመዘን የሚያስመሰግን የድርጅት ጥበብ ነው፤ በብዙ አገር ያሉ ፓርቲዎች በር እያንኳኩ ይሠሩታል። ልዩነቱ በር የሚያንኳኳው ሰው ማንነት ላይ ነው። ጎረቤት ሆኖ የሚያንኳኳና የማዳበሪያውን ዝርዝር ይዞ የሚያንኳኳ አንድ አይደሉም።

ዶክተር መረራ በዚህ ጊዜ ምን በእጃቸው ነበር? መድረክ የተባለው ስብስብ ነበር፤ የተለያየ ሐሳብ ያላቸው ፓርቲዎች የተሰባሰቡበት፣ ለክርክር የደመቀ፣ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ቀበሌ ሲደርስ ግን የሳሳ። በጥቅምት 2002 ኢሕአዴግና ሌሎች ሦስት ፓርቲዎች የምርጫ ሥነ ምግባር ደንብ ሲፈራረሙ መድረክ ከድርድሩ ወጥቶ ነበር፤ ደንቡ ከዚያ አዋጅ ሆነ። በቴሌቪዥን ክርክሩ ዶክተሩ እንደ ቀድሞው ጥሩ ተናገሩ። በአምቦና በጉደር ሻይ ቤቶች ሕዝቡ እንደ ቀድሞው ሳቀ። ሳቁ ግን ከሻይ ቤቱ ወጥቶ እስከ ምርጫ ጣቢያ በር የሚወስደው ድርጅት አላገኘም።

ውጤቱ ሲነገር ከ547 መቀመጫዎች 545ቱ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆኑ። መድረክ ከአዲስ አበባ አንድ ወንበር አገኘ፤ አንድ የግል ተወዳዳሪም አሸነፈ። በኦሮሚያ 178ቱም መቀመጫ የኦሕዴድ ሆነ። ቲይስ በርማን የመሩት የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢ ቡድን የድምፅ አሰጣጡ ቀን ሰላማዊ እንደነበር መስክሮ፣ ገዢው ፓርቲ የመንግሥትን ሀብት ለዘመቻ መጠቀሙንና የውድድር ሜዳው እኩል አለመሆኑን ገለጸ። መንግሥት በዘገባው ተቆጣ።

በዚህ ውጤት ላይ ሁለት አስተያየቶች ጎን ለጎን ሲነገሩ ኖረዋል። የገዢው ወገን ሕዝቡ መንገዱን፣ ትምህርት ቤቱንና ጤና ኬላውን አይቶ ፈረደ ይላል። መንገዱም ትምህርት ቤቱም እውነት ነው፤ እኛም ተጉዘንበታል። ነገር ግን በልማት የረካ ሕዝብ እንኳ ከመቶ መቶ አንድ ድምፅ አይሆንም፤ በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ወንድማማቾችም በዚህ መጠን አይስማሙም። የተቃዋሚው ወገን በበኩሉ ሁሉም ኮሮጆ ተሰረቀ ብሎ ያልፋል። ይህ አባባል የራስን ድክመት ለመሸፈን የሚያመች ነው። ከ1997 እስከ 2002 ድረስ በእያንዳንዱ ቀበሌ አሥር ታማኝ ሰው ማቆየት ያልቻለ ፓርቲ፣ ኮሮጆው ባይነካ እንኳ ኮሮጆውን የሚጠብቅለት ሰው ከየት ያገኛል? በ2000ው የቀበሌ ምርጫ ራስን ማግለል ለጊዜው ክብር የጠበቀ መስሎ፣ የመጨረሻውን መሬት ያለ ትግል ማስረከብ ሆነ። እርግጥ ነው፣ ዕጩ ሆኖ የተመዘገበ ገበሬ ይታሰር፣ ይዋከብ እንደነበር አቤቱታው በወቅቱ ቀርቧል፤ የሚታሰረው ደግሞ መሪው ሳይሆን ገበሬው ነው፤ ስለዚህ ፍርዳችንን ስንሰጥ አፋችንን ሞልተን አይደለም። ቢሆንም ከሁለቱ ምክንያቶች አንዱን ብቻ የሚይዝ ሰው የምዕራብ ሸዋን ነገር አልተረዳም እንላለን።

ከሁሉም በላይ የተጎዳው ያሸነፈው ወገን ራሱ ነበር ብንል የሚገርም ይመስላል፤ ታሪኩ ግን የሚያሳየው ይህንኑ ነው። በግንቦት 2007 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ያዙ። በምክር ቤቱ የሚናገር ተቃዋሚ ጠፋ፤ ቅሬታ የሚወጣበት ቀዳዳ ተደፈነ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 2 ቀን 2008፣ በግንጪ ተማሪዎች ስለ ደንና ስለ ትምህርት ቤት ሜዳ አቤቱታ ይዘው ወጡ። ከዚያ በፊት በሚያዝያ 2006 በአምቦ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን የተቃወሙ ወጣቶች ደማቸው ፈስሶ ነበር። በምክር ቤት ወንበር ላይ ሊነገር የሚገባው ነገር መንገድ ላይ ተነገረ፤ ከምዕራብ ሸዋ ተነስቶም አገሩን አዳረሰ። 1 ለ 5 የተደራጀው መዋቅር ከአምስቱ አንዱ እንኳ የሚያስበውን አላወቀም ነበር፤ ፍርሃት የሚነግርህ አንተ መስማት የምትፈልገውን ነውና። ዶክተር መረራ ኅዳር 21 ቀን 2009 ከአውሮፓ ሲመለሱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ጊዜ ታሰሩ፤ ጥር 9 ቀን 2010 ሲፈቱ የተቀበላቸው ሕዝብ ብዛት በ2002 ድምፅ ነፈጋቸው የተባለው ያው ሕዝብ መሆኑን ለማመን ያስቸግር ነበር። ከወር በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በአጭሩ እንለፈው። ሰኔ 14 ቀን 2013 በተካሄደው ስድስተኛው ምርጫ የዶክተር መረራ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ፣ መሪዎቼ ታስረዋል፣ ቢሮዎቼ ተዘግተዋል ብሎ አልተሳተፈም። የገዢው ፓርቲ ስም ተለውጦ ብልጽግና ሆኗል። በብዙ የኦሮሚያ ምርጫ ክልሎች መራጩ በወረቀቱ ላይ ያገኘው የአንድ ፓርቲ ዕጩዎችን ነበር።

የዚህ ገጽ አንባቢ የቀበሌ ማኅበር አባል እንደመሆኑ አንድ ነገር ራሱ እንዲመረምር እንጋብዛለን። የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤቶች ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው፤ በዚያን ጊዜ ከሠላሳ በላይ ፓርቲዎች አልተሳተፉም ነበር። በ2010 ሊደረግ የነበረው ተራዘመ። በ2013 አገር አቀፉ ምርጫ ሲደረግ በምዕራብ ሸዋ የቀበሌ ወንበር ለሕዝብ ድምፅ አልቀረበም። በሚያዝያ 2005 የተመረጡት 300 የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ስም ዝርዝር በአምቦም በግንጪም በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት መኖር ይገባዋል። ሄዶ ዝርዝሩን መጠየቅ፣ ከ300ው ስንቱ ዛሬም በቀበሌው እንደሚኖር፣ ስንቱ በሕይወት እንዳለ፣ የአዳራሹን ቁልፍ አሁን የያዘውን ሰው ማን እንደሾመው ማየት ይቻላል።